ሠራተኛ የቀጠረ ሰው ምን ግዴታ ገባ? የሥራ ሕግ ለባለንግዶች ሲብራራ

ንግድ የሚጀምር ሰው ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ግብሩና ስለ ቤት ኪራዩ አስቀድሞ ይጠይቃል። የመጀመሪያ ሠራተኛውን ሲቀጥር ግን ብዙ ጊዜ የሚነጋገረው ስለ ደመወዙ መጠንና ሥራው ስለሚጀመርበት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ወረቀት ተፈረመም አልተፈረመ፣ በሁለቱ መካከል ሕግ የሚገዛው ግንኙነት ተፈጥሯል። ሰዓት የመቁጠር፣ ደመወዝ በወቅቱና ሳያጓድሉ የመክፈል፣ ዕረፍት የመስጠት፣ ሠራተኛውን ከአደጋ የመጠበቅ፣ ሲለያዩም በምክንያትና በሥርዓት የመለያየት ግዴታ በአሠሪው ትከሻ ላይ ያርፋል። አሠሪዎችን ሳማክር ደጋግሜ የተረዳሁት፣ አብዛኞቹ ሕግ የሚጥሱት ሠራተኛ ለመበደል ፈልገው አለመሆኑን ነው፤ ግዴታው ከየት እንደሚጀምርና በምን እንደሚረጋገጥ በቀላል ቋንቋ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

የሥራ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። የዓመት ፈቃድ ስንት ቀን እንደሆነ፣ የሙከራ ጊዜ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ የስንብት ክፍያ እንዴት እንደሚሰላ የሚወስነው የየአገሩ ሕግ ስለሆነ፣ ማንም አሠሪ የአገሩን አዋጅ ሳያነብ ቁጥር መገመት የለበትም። ይሁን እንጂ የአብዛኞቹ አዋጆች አጥንት ተመሳሳይ ነው። በ1919 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት፣ የመንግሥታት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች አብረው ተቀምጠው የሚመክሩባቸውን ስምምነቶች ሲያወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። ስምምነቶቹ በቀጥታ የሚያስገድዱት ያጸደቋቸውን መንግሥታት እንጂ ሱቅ ወይም ፋብሪካ ያለውን ግለሰብ አይደለም፤ አሠሪውን የሚይዘው የአገሩ ሕግ ነው። አጥንቱን ያወቀ ሰው ግን የአገሩን አዋጅ ሲከፍት ምን እንደሚፈልግ ያውቃልና እኔም ማብራሪያዬን እዚያው ላይ እመሠርታለሁ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በሥራ ግንኙነት ውስጥ ወረቀቱን የሚይዘው አሠሪው ነው። ውሉ፣ የሰዓት መቆጣጠሪያው፣ የደመወዝ መክፈያው፣ የፈቃድ መጠየቂያው፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ሁሉ የሚገኘው በእርሱ መሳቢያ ወይም በእርሱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። በዚህም የተነሳ ክርክር ሲነሳ «አስረዳ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው። ግዴታውን ተወጥቶ ማሳየት ያልቻለ አሠሪ፣ ዳኛ ፊት ሲቆም ግዴታውን ጨርሶ ካልተወጣው ብዙም አይለይም። ስለዚህ እያንዳንዱን ግዴታ ስናነሳ ሁለት ጥያቄ አብረን እንይዛለን፤ ምን ማድረግ አለብኝ? ማድረጌንስ በምን አሳያለሁ?

መጀመሪያ የሚመጣው «በእርግጥ ሠራተኛ አለኝ ወይ?» የሚለው ነው። ቀላል ይመስላል፤ ብዙ አሠሪ የሚሰናከለው ግን እዚህ ላይ ነው። «እርሱ እኮ በኮንትራት ነው የሚሠራልኝ» ወይም «እርሷ ፍሪላንሰር ናት፤ ሠራተኛዬ አይደለችም» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2006 ያወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 198 ለዚህ የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው፤ አንድ ግንኙነት የሥራ ግንኙነት መሆን አለመሆኑ በዋናነት የሚለየው ሥራው በተግባር እንዴት እንደሚሠራና ክፍያው እንዴት እንደሚፈጸም በማየት እንጂ ተዋዋዮቹ በሰጡት ስም አይደለም። አንዲት የግራፊክ ዲዛይን ባለሙያ በራሷ ኮምፒውተር፣ በመረጠችው ሰዓት፣ ለአምስት ደንበኞች፣ በእያንዳንዱ ሥራ ዋጋ ተደራድራ የምትሠራ ከሆነና ሥራው ቢበላሽ ኪሳራው የራሷ ከሆነ በእርግጥም የግል ሥራ ተቋራጭ ናት። ያችው ሴት በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ቢሮ የምትገባ፣ በድርጅቱ ኮምፒውተር የምትሠራ፣ ሥራ አስኪያጁ የሚሰጣትን ትእዛዝ የምትቀበል፣ ሳታስፈቅድ መቅረት የማትችል፣ በየወሩ መጨረሻ ተመሳሳይ ክፍያ የምትቀበልና ኑሮዋ በዚያ ክፍያ ላይ የቆመ ከሆነ ግን፣ የውሉ ርዕስ «የአገልግሎት ግዢ» ቢልም ሠራተኛ ናት።

ይህን መሳት መዘዙ ወደ ኋላ የሚሄድ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት «ይህ ሰው ሠራተኛ ነበር» ብሎ ቢወስን፣ አሠሪው የሚጠየቀው ከውሳኔው ቀን ጀምሮ ላለው ብቻ አይደለም፤ ያልተሰጠ ፈቃድ፣ ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት፣ ያልገባ የጡረታ መዋጮ፣ ያልተቀነሰ የሥራ ግብር ከነቅጣቱ ተደምሮ ሊመጣበት ይችላል። በሌላ ድርጅት አማካይነት የተላኩ የጥበቃ ወይም የጽዳት ሠራተኞችም ቢሆኑ «የእኔ አይደሉም» ተብለው የሚታለፉ አይደሉም፤ ሥራውን የሚያሠራው ድርጅት በተለይ በደህንነት ጉዳይ ከላኪው ጋር ተጠያቂ የሚሆንባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። አንዳንድ ግዴታዎች የሚጀምሩት የሠራተኛው ብዛት የተወሰነ ቁጥር ላይ ሲደርስ ስለሆነ፣ ማን እንደሚቆጠር ማወቁም ራሱን የቻለ ጥቅም አለው።

ሠራተኛ መሆኑ ከታወቀ ውሉን በጽሑፍ ማድረግ ይገባል። በብዙ አገር የቃል ውልም ይጸናል፤ ነገር ግን የቃል ውል አሠሪውን ከግዴታ ሳያወጣው ማስረጃ ብቻ ያሳጣዋል። ጥሩ ውል ረጅም መሆን የለበትም። የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ የሚጀምርበት ቀን፣ ጊዜው የተወሰነ ወይም ያልተወሰነ መሆኑ፣ የሙከራ ጊዜው፣ የሥራ ሰዓቱ፣ ደመወዙና የሚከፈልበት ቀን ተጽፎ ሁለቱም ወገኖች ከፈረሙበትና አንዱ ቅጂ ለሠራተኛው ከተሰጠ ዋናው ተሟልቷል። ከኢንተርኔት የተገለበጠ የሌላ አገር ውል ላይ ስም ቀይሮ መፈረም ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ በአገሩ ሕግ ዋጋ የሌላቸው አንቀጾች ለአሠሪው ሐሰተኛ መተማመኛ ይሰጡታል። ሠራተኛው «የትርፍ ሰዓት አልጠይቅም» ብሎ ቢፈርም እንኳ ሕግ በዝቅተኛ ወለልነት የሰጠው መብት በፊርማ አይሻርም።

የሥራ ሰዓት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከደመወዝ ይልቅ ብዙ ክርክር የሚወለደው ከሰዓት ነውና። ድርጅቱ በተቋቋመበት በ1919 ያወጣው የመጀመሪያው ስምምነት የኢንዱስትሪ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የወሰነ ሲሆን፣ በ1930 የወጣው ስምምነት ቁጥር 30 ይህንኑ ወደ ንግድና ወደ ቢሮ ሥራ አሰፋው። ብዙ አገሮች ከዚያ ወዲህ ወደ 40 ሰዓት ዝቅ ብለዋል። ለአሠሪው ከቁጥሩ በላይ የሚጠቅመው ግን ስምምነት ቁጥር 30 ለሥራ ሰዓት የሰጠው ትርጉም ነው። የሥራ ሰዓት ማለት ሠራተኛው በአሠሪው ፈቃድ ሥር ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ዕረፍት ተብሎ የሚቆጠረውም ሠራተኛው በእርግጥ ነፃ የሆነበት ጊዜ ብቻ ነው። ደንበኛ እስኪመጣ ቆሞ የሚጠብቅ ሻጭ ሥራ ላይ ነው። ምሳውን እየበላ ስልክ እንዲያነሳ የተነገረው የእንግዳ ተቀባይም ሥራ ላይ ነው። በሩ ከመከፈቱ በፊት ዕቃ እንድትደረድር ግማሽ ሰዓት ቀድማ የምትገባውም እንዲሁ።

ያ ግማሽ ሰዓት ምን ያህል እንደሚሆን እናስላ። በወር 26 ቀን የምትሠራና ሙሉ ሰዓቷን ጨርሳ በዚያ ላይ በየቀኑ 30 ደቂቃ የምትጨምር ሠራተኛ በወር 13 ሰዓት ትርፍ ሠርታለች። ስምምነቶቹ ለትርፍ ሰዓት የደነገጉት ዝቅተኛ ክፍያ ከመደበኛው አንድ ከሩብ እጥፍ ነው፤ ስለዚህ 13 ሰዓቱ በ1.25 ሲባዛ የ16.25 ሰዓት ደመወዝ ይሆናል። በዓመት ሲሰላ 195 ሰዓት ይደርሳል፤ ይህም በሳምንት 48 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከአራት ሳምንት ሙሉ ደመወዝ ይበልጣል። ለአንዲት ሠራተኛ ነው ይህ። አሥር ሠራተኞች ያሉት አሠሪ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ግቡ» ሲል ሳያውቀው በየዓመቱ ከዘጠኝ ወር የሚበልጥ የአንድ ሰው ደመወዝ ዕዳ እየቆለለ ነው። የአገሩ ሕግ ለሌሊት፣ ለሳምንት ዕረፍት ወይም ለበዓል ቀን ከዚህ የላቀ ተመን የሚያስቀምጥ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ከዚህም ያልፋል።

አንድ ጊዜ የትርፍ ሰዓት ክስ የቀረበበት አሠሪ የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገቡን አምጥቶ አሳየኝ። በንጹሕ መስመር የተሰመረ፣ ገጹ ያልተጨማደደ መዝገብ ነው። የሠላሳውም ቀን መግቢያ 2፡30፣ መውጫ 11፡30 ይላል፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ ፊርማው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ሳይዛነፍ ተደርድሯል። ሠራተኛው ሕመም ላይ የነበረባቸው ሁለት ቀናትም «ገባ፣ ወጣ» ተብለው ተሞልተዋል። አሠሪው ያን መዝገብ መከላከያ አድርጎ ይዞት ነበር፤ በእኔ እምነት ግን ጨርሶ ባይኖረው ይሻለው ነበር፤ ምክንያቱም የወሩ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ መሞላቱ የሚታይ ወረቀት ሌሎቹን ትክክለኛ ሰነዶች ሁሉ ያስጠረጥራል። እውነተኛ መዝገብ ዥንጉርጉር ነው፤ አንዱ ቀን 2፡27፣ ሌላው 2፡41 ይላል፤ ስርዝ ሲኖር አጠገቡ ፊርማ አለ። ሠራተኛው ራሱ በገባበትና በወጣበት ሰዓት የሚሞላው ተራ ደብተር፣ ማንም ከማይከታተለው የጣት አሻራ ማሽን ይበልጣል። የትርፍ ሰዓት መዝገብ የመያዝ ግዴታ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ ያ የ1919 ስምምነት ራሱ አሠሪው እንዲይዘው ያዛል።

ወደ ደመወዝ ስንመጣ፣ መሠረቱ በ1949 የወጣው ስምምነት ቁጥር 95 ነው። ደመወዝ በሕጋዊ ገንዘብ፣ በተወሰነ ጊዜ፣ ለሠራተኛው ለራሱ ይከፈላል፤ ኩፖን ወይም የተስፋ ወረቀት በገንዘብ ፋንታ አይሰጥም፤ ሠራተኛው የተከፈለውን በፈለገበት እንዳያውል ማስገደድም አይቻልም። በተግባር ግን ክርክር የሚበዛው በተቀናሽ ላይ ነው። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የፍርድ ውሳኔ ካልፈቀደ በስተቀር አሠሪው ከደመወዝ ላይ በራሱ ሥልጣን መቁረጥ አይችልም። ብርጭቆ የሰበረ አስተናጋጅ፣ ሒሳብ የጎደለበት ገንዘብ ያዥ፣ ዩኒፎርም የተሰጠው ጥበቃ፣ ሁሉም በዚሁ ይዳኛሉ። «ጥፋቱ እኮ የእርሱ ነው» የሚለው መልስ ምናልባት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱን አጣርቶ መቅጣት ግን አንድ ነገር ነው፣ ቤተሰብ የሚተዳደርበትን ደመወዝ በራስ ውሳኔ ቆርጦ ማስቀረት ደግሞ ሌላ። ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር መሠረታዊ ደመወዙን፣ የትርፍ ሰዓቱን፣ ተቀናሹንና የተጣራውን የሚያሳይ ደረሰኝ መስጠት ለሠራተኛው መብት፣ ለአሠሪውም ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ነው። ከሠራተኛው የተቀነሰ የጡረታ መዋጮና ግብር ደግሞ የድርጅቱ ገንዘብ እንዳልሆነ መታወስ አለበት፤ ተቀንሶ ሳይገባ መቅረቱ ከተራ ዕዳ የከበደ ጥፋት ነው።

ስለ ፈቃድ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፤ ቀናቱን አዋጁ ያስቀምጣቸዋል። በ1970 የወጣው ስምምነት ቁጥር 132 ለአንድ ዓመት አገልግሎት ከሦስት የሥራ ሳምንት ያላነሰ ፈቃድ ይላል፤ የሳምንት ዕረፍትም በየሰባት ቀኑ ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ነው። አሠሪዎች የሚሳሳቱት ፈቃድን እንደ ችሮታ በማየትና ሳይመዘግቡ በመስጠት ነው። «ሂድ፣ ሦስት ቀን ዕረፍ» ተብሎ በቃል የተሰጠ ፈቃድ ከዓመት በኋላ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

የወሊድ መብት ግን ቆም ብሎ ማየትን ይጠይቃል። ስምምነት ቁጥር 183 (2000) ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ያስቀምጣል፤ ከወሊድ በኋላ ካለው ጊዜ ስድስት ሳምንቱ ግዴታ ነው። እናትየዋ ስትመለስ ወደ ቀድሞ ሥራዋ ወይም በደመወዝ ወደሚስተካከል ቦታ ትመለሳለች። በእርግዝና ወይም በፈቃድ ላይ ያለችን ሴት ያሰናበተ አሠሪ፣ ምክንያቱ ከእርግዝናዋና ከወሊድዋ ጋር ያልተያያዘ መሆኑን የማስረዳት ሸክም ይወድቅበታል። በቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ «ልጅ የመውለድ ሐሳብ አለሽ?» የሚለው ጥያቄ፣ ጠያቂው ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም፣ ያልተቀጠረችዋ አመልካች ይዛው ልትቀርብ የምትችል የአድልዎ ምልክት ነው። የ1958ቱ ስምምነት ቁጥር 111 በዘር፣ በቀለም፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በብሔራዊ ወይም በማኅበራዊ አመጣጥ መለየትን የሚከለክለው ከቅጥር በፊት ጀምሮ ነውና፣ የምልመላ መስፈርት ከሥራው የመነጨና በጽሑፍ የሰፈረ እንዲሆን እመክራለሁ። ዕድሜም መጣራት አለበት፤ በአጠቃላይ ከ15 ዓመት በታች ቅጥር የለም፤ አደገኛ ሥራ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው ክልክል ነው። በአስከፊ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ላይ በ1999 የወጣው ስምምነት ቁጥር 182 በ2020 ሁሉም የድርጅቱ አባል አገሮች ያጸደቁት የመጀመሪያው ስምምነት ሆኗል፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ «በእኛ አገር ይፈቀዳል» የሚል መከራከሪያ የትም አያዋጣም።

የሥራ ቦታ ደህንነት በሰኔ 2022 ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ ሆኖ ተጨምሯል። ብዙ አሠሪ ደህንነት ሲባል ትዝ የሚለው የራስ ቁርና ጓንት ነው። የሙያው ትምህርት ግን ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ አደጋውን ራሱን ማስወገድ፣ ካልተቻለ አደጋው ባነሰ መተካት፣ ቀጥሎ በሽፋን፣ በአጥር ወይም በአየር መሳቢያ ሰውንና አደጋውን መለየት፣ ከዚያ አሠራሩንና ፈረቃውን ማስተካከል፤ የግል መከላከያ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። እንጨት መሰንጠቂያ ላይ ለሚሠራ ሰው ጓንት መስጠት ምላጩ ላይ ሽፋን መግጠምን አይተካም፤ እንዲያውም ጓንቱን የሚሽከረከረው ምላጭ ይዞት እጁን ሊስበው ይችላል። ስምምነት ቁጥር 155 (1981) ሁለት ነገር ያክላል፤ የደህንነት እርምጃ ወጪ ሠራተኛው ላይ አይጣልም፤ ሕይወቱን ወይም ጤንነቱን ወዲያው አደጋ ላይ የሚጥል ሁኔታ መኖሩን በበቂ ምክንያት አምኖ ከቦታው የወጣ ሠራተኛም አይቀጣም። አደጋ ሲደርስ ደግሞ በዕለቱ መመዝገብ፣ ምስክሮችን መጠየቅና ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ያስፈልጋል። «ታክሞ ይመለስ፤ በመካከላችን እንጨርሰዋለን» የሚለው ደግነት ከወራት በኋላ ጉዳቱ ሲባባስ ሁለቱንም ወገን ይጎዳል፤ ሠራተኛው ካሳ የሚጠይቅበት ሰነድ ያጣል፤ አሠሪውም ያላሳወቀውን አደጋ ኢንሹራንሱ ላይሸፍንለት ይችላል።

ጥቃትና ትንኮሳም የዚሁ የደህንነት ግዴታ አካል ነው። በ2019 ወጥቶ በሰኔ 2021 ሥራ ላይ የዋለው ስምምነት ቁጥር 190 ከለላውን ለተለማማጆች፣ ለሥራ ፈላጊዎችና ለተሰናበቱ ሠራተኞች ጭምር ሰጥቷል፤ ቦታውንም ከቢሮው ግድግዳ አውጥቶ ወደ ሥራ ጉዞ፣ ወደ ሥልጠናና ወደ ስልክ መልእክት አስፍቶታል። ትንሽ ድርጅት ውስጥ አስቸጋሪው፣ አቤቱታ ተቀባዩ ራሱ የሚከሰሰው ሰው ሊሆን መቻሉ ነው። ስለዚህ ከባለቤቱ ሌላ አቤቱታ የሚቀበል አንድ ሰው ስሙ ተጽፎ ለሁሉም መነገር አለበት።

አሁን ወደ ስንብት እንምጣ። አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ላይ ጉድለት ተገኘ እንበል። አሠሪው በንዴት «ከነገ ጀምሮ እንዳላይህ!» ይላል፤ ሠራተኛው ይሄዳል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥሪያ ይመጣል። ምናልባት ሠራተኛው በእርግጥም ሰርቋል። ነገር ግን ዳኛው በቅድሚያ የሚጠይቀው ክሱ በጽሑፍ ተነግሮት ነበር ወይ፣ መልስ የመስጠት ዕድል አግኝቶ ነበር ወይ፣ ቆጠራው ሲካሄድ ማን ማን ነበረ፣ ቁልፉን ከእርሱ ሌላ የሚይዝ አለ ወይ የሚሉትን ነው። ለእነዚህ መልስ ከሌለ አሠሪው እውነቱን ይዞም ሊሸነፍ ይችላል። በ1982 የወጣው ስምምነት ቁጥር 158 ሠራተኛ የሚሰናበተው ከችሎታው፣ ከጠባዩ ወይም ከድርጅቱ ሥራ ፍላጎት ጋር በተያያዘ በቂ ምክንያት ብቻ መሆኑን ይደነግጋል፤ በጠባይ ወይም በሥራ አፈጻጸም ምክንያት የሚሰናበትም አስቀድሞ ራሱን የመከላከል ዕድል ሊሰጠው ይገባል። የማኅበር አባል መሆን፣ በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብ፣ ዘር፣ ሃይማኖት፣ እርግዝና፣ በሕመም ለጊዜው መቅረት በቂ ምክንያት አይሆኑም።

ስለዚህ በዚያ ግምጃ ቤት ሊደረግ የሚገባው ይህ ነበር። ቆጠራው ሠራተኛው ባለበት ወይም በወኪሉ ፊት ተደርጎ ይፈረምበታል፤ የተገኘው ጉድለት በደብዳቤ ይገለጽለታል፤ መልስ የሚሰጥበት በቂ ቀን ይወሰንለታል፤ ቃሉ ሲሰማ የሚረዳው ሰው ቢፈልግ ይፈቀድለታል፤ የተናገረው በቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ውሳኔው ምክንያቱ ተጠቅሶ በጽሑፍ ይሰጠዋል። ማጣራቱ እስኪያልቅ ከሥራ ማገድ የሚቻለው ሕጉ በፈቀደው ልክ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ማባከንም አይገባም፤ ጥፋቱን እያወቀ ወራት የቆየ አሠሪ በዚያ ጥፋት ማሰናበትን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። ጉዳዩ የሥራ አፈጻጸም ድክመት ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ምን እንደጎደለ በግልጽ ይነገረዋል፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ለማሻሻልም በቂ ጊዜ ያገኛል። የሥራ መቀዛቀዝ የሚያመጣው ቅነሳ የሠራተኛው ጥፋት ስላልሆነ፣ ሠራተኞችን ማማከርን፣ ትክክለኛ የመምረጫ መስፈርትንና አብዛኛውን ጊዜ የስንብት ክፍያን ይጠይቃል።

መለያየቱ በምንም ምክንያት ይሁን፣ የመጨረሻው ሒሳብ ሳይዘገይ ይዘጋል። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜና ሌላ ተገቢ ክፍያ ተሰልቶ ይሰጣል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም ይጻፋል። በተለይ ስለ ማስረጃው አጥብቄ እናገራለሁ። ተጣልተው የተለያዩትን ሠራተኛ ለመቅጣት የሥራ ልምድ ወረቀቱን ማዘግየት የሚያምራቸው አሠሪዎች አሉ፤ ይህ ሕግን ከመጣሱ በላይ የአንድን ሰው ቀጣይ እንጀራ መዝጋት ነው።

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚደነግጥ አሠሪ ብዙ ነው። በ1947 የወጣው ስምምነት ቁጥር 81 ተቆጣጣሪው መታወቂያውን ይዞ ቁጥጥር ወደሚደረግበት የሥራ ቦታ ያለ ቅድሚያ ማሳወቂያ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት የመግባት፣ ሰነድ የመጠየቅና ሰዎችን የማነጋገር ሥልጣን እንዲኖረው ይላል፤ የአቤቱታ አቅራቢውንም ማንነት በምስጢር ይይዛል። ስለዚህ «ማን ነው የከሰሰኝ?» ብሎ መመርመርም ሆነ የተጠረጠረውን ሠራተኛ ማስፈራራት ከመጀመሪያው ጥፋት የባሰ ሁለተኛ ጥፋት ይወልዳል። ብዙዎች የማያውቁት ግን ይኸው ስምምነት አሠሪዎችና ሠራተኞች ሕጉን እንዴት እንደሚያከብሩ ሙያዊ ምክር መስጠትን ከተቆጣጣሪው ሥራዎች አንዱ ማድረጉንና ጥፋት ሲያገኝ ከክስ በፊት ማስጠንቀቂያ ወይም ምክር መምረጥ እንዲችል መፍቀዱን ነው። ችግር ሳይመጣ ቢሮው ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

ይህን አንብቦ «ለካ የትርፍ ሰዓቱን ስሳሳት ኖሬያለሁ» ብሎ የሚያስብ አሠሪ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ አንድ ባለንግድ «ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ብከፍል ደግሞ ጥፋቴን ማመኔ አይሆንም ወይ?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ከማዘግየት ይልቅ አስልቶ መክፈሉ እንደሚሻል ነገርኩት፤ ዕዳው በየወሩ እየጨመረ ይሄዳል እንጂ በዝምታ አይጠፋም። ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ተቀምጦ ያለፉትን የሰዓት መዝገቦች አንድ በአንድ አየ፣ መዝገብ ለጎደለባቸው ወራት ሠራተኞቹን ራሳቸውን ጠየቀ፣ ለእያንዳንዳቸው የስሌቱን ዝርዝር የያዘ ደብዳቤ ጽፎ ክፍያውን በሦስት ወር ከፍሎ ጨረሰ። ደብዳቤዎቹ፣ ሠራተኞቹ የፈረሙባቸው ደረሰኞችና አዲሱ የሰዓት ደብተር በየሠራተኛው የግል ማኅደር ገብተዋል። ተቆጣጣሪ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ ያቀረበው እነዚህን ነበር።